ቪትዝ በሐረጎ መንገድ፦ ጎማ፣ ከፍታ፣ የጉም መብራትና የሞተር ከለላ ከክረምትና ከበጋ በኋላ

ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ቪትዝ ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ የሚችል ከሆነ ጎማ ይገዛ፤ ሁለት ከቻለ የሞተር ከለላ ይጨመር። ሌላው ሁሉ ወይ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው፣ ወይ ባይሠራ የሚሻል። የተገመገመው ባለ 1.0 ሊትር ሁለተኛ ትውልድ ቪትዝ ነው፤ ከሰኔ እስከ የካቲት በደሴ ኮብልስቶን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛና አልፎ አልፎ በጠጠር መንገድ ተነድቷል።

ጎማው ከ165/70/14 (ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች) ወደ 175/70/14 ተቀይሯል። ቁመቱ ከ587 ወደ 601 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ መኪናው ግን ከፍ የሚለው የልዩነቱን ግማሽ፣ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዋናው ጥቅም የጎማው ጎን ቁመት መጨመሩ ነው፤ ስለታም ድንጋይ ወይም የተነሳ ኮብልስቶን ሲመታ ቸርኬው ቶሎ አይጎዳም። ፍጥነት ቆጣሪው በ2.4 በመቶ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ይህ ምንም አይደል። 185/70/14 ይገባል የሚል ጎሚስታ አይጠፋም፤ መግባቱንስ ይገባል። ነገር ግን አራት ሰው ተጭኖ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ መፋቁ አይቀርም፤ ማርሹም በ5 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ከኃይሉ ሩቡን ያህል ስለሚያጣ፣ ለባለ 1.0 ሊትር ይህ 5 በመቶ ዳገቱ ላይ በደንብ ይታወቃል።

ጎማ ሲገዛ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ይነበቡ፤ 2423 ማለት በ2023 (እ.ኤ.አ.) በ24ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ከጃፓን ያገለገለ መኪና ጋር የሚመጣው፣ ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ለስላሳ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ለጭቃ ያጓጓል። አይገዛ። ላስቲኩ የተቀመመው ከ7 ዲግሪ በታች ለሆነ ቅዝቃዜ ነው፤ የደሴ ሐምሌ እንኳን ቀን ላይ እዚያ አይወርድም። በኮምቦልቻ ግንቦት አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ በእርጥብ አስፋልትም ከተራው ጎማ ዘግይቶ ያቆማል። እዚህ የታሰረው ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ) የሚል ምልክት ያለው ተራ የሁሉም ወቅት ጎማ ነው። ምልክቱ ስለ ጥርሱ ቅርጽ የአምራቹ የራሱ ቃል እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም፤ ለሰፈር ጭቃ ግን ክፍት ጥርሱ በቂ ሆኗል። የጥርሱ ጥልቀት ከፊት ባሉት ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 6 ወርዷል፣ ከኋላ ያሉት ብዙም አልተነኩም። ስለዚህ በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው ማቀያየር የግድ ነው። ጥርሱ እስከ መጨረሻው ልክ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ እስኪደርስ መጠበቅ ለሐረጎ አይሆንም፤ 3 ላይ መቀየር አለበት። በተለይ የመጀመሪያው ዝናብ ከከባድ መኪኖች የፈሰሰውን ዘይት ከአቧራ ጋር ሲያቦካው መንገዱ ሳሙና ነው።

ነፋስን በተመለከተ ደሴ የተነፋ ጎማ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይወጠራል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ወደ ታች ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጌጁ አንድ ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ቀንሶ ያሳያል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ያነሰ ይጨምራል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ጎማውን የሚያግለው ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ረግጦ መውረድ ነው። በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ የተለጠፈው ልክ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። የተበሳ ቲዩብለስ ውስጥ ካላማዳሪያ መክተትም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ በውስጡ እየተፋተገ ይግላል፣ ሲበሳም ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ከውስጥ በኩል ይለጠፍ።

ብዙ ቪትዝ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጠው ከጎሚስታ ቤት በወጣ ችግር ነው። በአየር ሽጉጥ ያለ ልክ የታሰረ ዳዶ ዲስኩን ያጣምመዋል። ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቶርክ ቁልፍ ከሌለ በመስቀል ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ፣ አቋርጦ ማጥበቅ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና መፈተሽ።

መኪናውን ከፍ ለማድረግ የተጨመረው በሁሉም እግር 20 ሚሊ ሜትር ነው። በገበያ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። ርካሹ በሞላው ቀለበቶች መሃል የሚሰካ የጎማ ቁራጭ ነው፤ የታፈኑት ቀለበቶች መሥራት ያቆማሉ፣ ጭነቱ በቀሩት ላይ ያርፋል፣ ሞላውም ውሎ አድሮ እዚያው ይሰበራል። ሌላው ከሞላው ወንበር ጋር (ከፊት ከሾኩ አናት ጋር) የሚታሰር ስፔሰር ነው፤ እዚህ የተሠራው ይሄኛው ነው። ከፊት ቡሎኖቹ በስፔሰሩ ውፍረት ልክ መርዘም አለባቸው፤ ዳዶው በሁለት ጥርስ ብቻ ከያዘ ሥራው ይፍረስ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ እግሩ ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ እንዳይወጠሩ ይታይ። ከ30 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጎማውን የሚያዞረው አክስል ዝንባሌው ይበዛል፣ የግሪስ ኮፈኑ እየተፋተገ ይቀደዳል፣ በጠመዝማዛም መኪናው ይወዛወዛል። ከሥራው በኋላ አላይመንት ካልተደረገ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎን ይበላል።

ከፍታ የመብራቱንም አቅጣጫ ይቀይራል። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ፣ የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ መሃል 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ለተዛወረ መኪና ግን ይህ አይበቃም፤ ለግራ መንገድ የተሠራ ፓውዛ ብርሃኑን በግራ በኩል ከፍ ስለሚያደርግ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። ፓውዛው ራሱ መቀየር አለበት።

ለጉም ከፓራውልቱ ሥር ሁለት ባለ 55 ዋት ቢጫ መብራት ታስሯል። የሚጠቅመው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ መታሰሩና ብርሃኑ ከላይ መቆረጡ ይበልጣል። ሁለቱ አንድ ላይ 9 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይሠራ፦ የሪሌው 30 ቁጥር እግር በ15 አምፔር ፊውዝ ከባትሪ፣ 87 ወደ መብራቱ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 85 ወደ ቦዲ፣ 86 በማብሪያው በኩል ከፓርኪንግ መብራት መስመር። ያለ ሪሌ ማብሪያው ይቀልጣል። በሃሎጅን ፓውዛ ውስጥ የተሰካ ኤልኢዲ አምፖል ግን ጎጂ ነው፤ ብርሃኑ ከክሩ ቦታ ስለማይነሳ ይበተናል፣ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድም ከፊት ነጭ ግድግዳ ይገትራል።

የሞተር ከለላው ብየዳ ቤት ከባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተሠራ 60 በ70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 6.6 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ ወደ 10 ኪሎ ስለሚጠጋ የጨመርነውን ከፍታ በጥቂቱ ይመልሰዋል። የሚታሰረው በሞተር ተሸካሚው ብረት ላይ እንጂ በዘይት ኮፓው ላይ አይደለም፤ በየቡሎኑ የጎማ ሮንዴላ ካልገባ ኮብልስቶን ላይ ይንቀጫቀጫል። ለዘይት መቀየሪያ 8 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ፣ ለውኃ መውጫ ደግሞ ከኋላ ጠርዙ ቀጭን ክፍተቶች ይተውለት፤ ያለዚያ ጭቃው እዚያው ደርቆ ብረቱን ያበሰብሳል። መኪናው ላይ መበየድ ካስፈለገ የባትሪው ሁለቱም ተርሚናል ይነቀል።

የጭቃ መከላከያው ከ4 ሚሊ ሜትር ላስቲክ የተቆረጠ ነው፤ ከመሬት 12 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከዚያ ከረዘመ ወደ ኋላ ሲኬድ ድንጋይ ይይዘውና ፓራውልቱን ይዞ ይነቀላል። የተበሳው ቀዳዳ አንቲረስት ይቀባ። ፖርቶ መጋላው ተፈቷል፤ የሚጫን ነገር ከሌለ ነፋስ ከመጎተትና ከመጮኽ ሌላ ሥራ የለውም።