የድሮውና አዲሱ የሜዲኬር ካርድ፦ ቁጥሩ ቢሰረቅስ?

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ የእናት የአባታችሁን የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ካርድ እስቲ አውጥታችሁ እዩት።

በድሮው ካርድ ላይ የሚታተመው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለሰው የሚሰጠው የግል መለያ ቁጥር) ራሱ ነበር፤ መጨረሻው ላይ መለያ ፊደል ይጨመርበታል። በባሏ ሥራ በኩል ሽፋኑን ያገኘች ሚስት ደግሞ የእሱን ቁጥር በቦርሳዋ ይዛ ትዞር ነበር። ቦርሳው ጠፋ ማለት የባልየው ሚስጥር ወጣ ማለት ነው። በዚያ ቁጥር ሌባ በሰው ስም ብድር ሊወስድ፣ ክሬዲት ካርድ ሊያወጣ ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲን ማስቀየር ደግሞ አሳር ነው።

የአዲሱ ካርድ መለያ ግን አሃዝና ፊደል የተቀላቀሉበት፣ 11 ምልክቶች ያሉት ነው። ስለ ባለቤቱ ምንም አይናገርም። ከቁጥር ጋር የሚምታቱት ኤስ፣ ኤል፣ ኦ፣ አይ፣ ቢ እና ዜድ አልገቡበትም፤ ዓይናቸው ለደከመ አዛውንቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተሰረቀም በሌላ ይቀየራል። ሶሻል ሴኩሪቲው ከካርዱ እንዲወጣ ያዘዘው ሕግ የወጣው በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ካርዱ በፖስታ መላክ የጀመረው ግን በኤፕሪል 2018 ነው።

እኔ አዲሱን እመርጣለሁ፣ ያለ ጥርጥር። ሆኖም በአዲሱም ቁጥር አጭበርባሪ ያልተሰጠ ሕክምና ሊያስከፍልበት ይችላል። እማማ ለማያውቁት ደዋይ ቁጥሩን እንዳይነግሩ፣ አደራ።