የፈንክሽናል ግሩፕ መለያ ኪት፦ ቶለንሱ ጥሩ፣ ብሮሚኑ ደካማ

ኪቱ የኦርጋኒክ ውህዶችን ፈንክሽናል ግሩፕ (የውህዱን ጠባይ የሚወስን የአቶሞች ስብስብ) ለመለየት ነው። ትልቁ ብልጫው ለቶለንስ (አልዲሃይድ የተባሉትን ውህዶች ለሚለይ የብር መፍትሄ) የሚያስፈልጉት ሲልቨር ናይትሬቱና አሞኒያው ለየብቻ መምጣታቸው ነው። ተቀላቅሎ የተቀመጠ ቶለንስ ሲቆይ የሚፈነዳ ዝቃጭ ስለሚሠራ ማንም ቢሸጥላችሁ አትግዙ። 2 ሚሊ ሊትር ሲልቨር ናይትሬት ላይ አንድ ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ፤ ቡናማው ዝቃጭ ሟሙቶ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አሞኒያ አንጠብጥቡ። አሞኒያው ከበዛ ሙከራው ይደክማል። ከናሙናው ጥቂት ጠብታ አክላችሁ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሞቀ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ አልዲሃይድ ካለ ብሩ እንደ መስታወት ይለጠፋል። ጥቁር ደለል ብቻ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቆሸሸ ቴስት ቲዩብ ነው (የኪቱም ቲዩቦች አቧራማ ናቸው)። ሲያበቃ ወዲያው በቀጭን ናይትሪክ አሲድ አምክኑት። መመሪያው ይህን አለመጥቀሱ ይቅር የሚባል አይደለም።

ፌህሊንጉ (አልዲሃይድ ሲኖር ቀይ ዝቃጭ የሚሰጠው ሰማያዊ የመዳብ መፍትሄ) ደህና ነው፤ ነገር ግን መመሪያው «ለማንኛውም አልዲሃይድ» ይላል፤ ቤንዛልዲሃይድ ላይ ግን ቀይ ዝቃጭ አትጠብቁ። ለፌኖል የቀረበው ፌሪክ ክሎራይድ ሐምራዊውን ቀለም ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ብሮሚን ውሃው (አልኪን፣ ማለትም በካርቦኖቹ መካከል ድርብ ቦንድ ያለው ውህድ፣ ሲኖር ቀለሙን የሚያጣው መፍትሄ) በስስ ፕላስቲክ ተሞልቶ ስለሚመጣ ብሮሚኑ ይተናል። የደበዘዘ ብሮሚን ያለ አልኪንም ቀለሙን ያጣ ይመስላል፤ ስለዚህ ናሙና የሌለበት ማነጻጸሪያ ቲዩብ ሁልጊዜ አጠገቡ አቁሙ።