የሬሳ ሳጥን ቤት ባሕር ዳር፦ ሳጥኑ ጥሩ፣ የቀረውን ለእድር ተዉት

አያቴ ያረፈችው ቅዳሜ ሌሊት እኛ ቤት ባሕር ዳር ነው፣ ቃሏ ግን ከድሮም አንድ ነው፣ ዘጌ ቅበሩኝ። ስለዚህ ሳጥንም መኪናም ጀልባም በአንዴ ያስፈልገን ነበር፣ ጎረቤት የጠቆመን አንድ ሬሳ ሳጥን ቤት (ስሙን አልጠራም) ሁሉንም በፓኬጅ እንሠራለን አለን። ሐዘን ላይ ሆኖ ሌላ ሰው እንዳይቸገር ነው ይሄን የምጽፈው።

ሳጥኑ ከጠበቅነው በላይ ጥሩ ነው። እንጨቱ ደረቅ፣ ክዳኑ ልክክ የሚል፣ ጀልባ ላይ ሲወጣ ሲወርድ እጀታው አልተነቃነቀም። ልጆቹም ሰው ያከብራሉ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስንደውል አነሱልን፣ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ እናቴን እግዜር ያጽናዎት ብለው ነው ሥራ የጀመሩት፣ ይሄን አልረሳላቸውም።

ዋጋው ላይ ግን በጣም አዘንኩ። በስልክ የነገሩን ሌላ፣ ሳጥኑ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ የጠየቁን ሌላ፣ ስፒከር፣ የአበባ ጉንጉን፣ ቪዲዮ እያሉ ደረደሩት፣ ሬሳ ፊት ማን ይከራከራል? የጀልባው ሰውዬ ደግሞ ጠዋት ስልኩን ዘጋ። ያወጣን እድሩ ነው፣ ጥሩንባ ነፊው ሳይነጋ ሰፈሩን ዞረ፣ የእድሩ ዳኛ ሦስት ሰው መርጦ ወደብ ላከ፣ ጀልባ ተከራይተው እስከ መቃብሩ አብረውን ሄዱ።

ታሪክ ነው የማስተምረው፣ እና ጀልባው ላይ እነዛን ሦስት ሰዎች ሳይ ላኑቪየም ትዝ አለኝ። ከሮም በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት፣ በ136 እ.ኤ.አ. ድንጋይ ላይ የተቀረጸ የቀብር ማኅበር ደንብ የተገኘባት፣ ቁርጥ የኛ እድር። መግቢያው 100 ሴስቴርስ የሚባል የሮማ ገንዘብና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ጠጅ፣ የወሩ መዋጮ 5 አስ የሚባል ሳንቲም፣ አባል ሲሞት 300 ሴስቴርስ ይወጣለታል፣ ከሱ 50ው ሬሳው ሲቃጠል ለተገኙት ይከፋፈላል። ባሪያም አባል መሆን ይችል ነበር። ከከተማው ከ20 የሮማ ማይል (ወደ 30 ኪሎ ሜትር) በላይ ርቆ የሞተ ካለና ከተነገራቸው ደግሞ ሦስት ሰው ተመርጦ ሄዶ ይቀብረዋል፣ ለመንገድ ለእያንዳንዱ 20 ሴስቴርስ ይሰጠዋል፣ ሂሳቡንም ሳያጭበረብሩ ያወራርዳሉ።

ነጋዴውም እዛ ነበር፣ ሊቢቲናሪ ይባላሉ፣ ለቀብር የሚያስፈልገውን ሁሉ ያቀርባሉ፣ ያለው ሰው አልቃሽ ሴትም ይቀጥራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 450 አካባቢ የወጣው የሮማውያን የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ግን ለቀብር ዋሽንት ነፊ ከ10 እንዳይበልጥ፣ ሴቶችም ጉንጫቸውን እንዳይነጩ ከልክሏል። እሱን ሳነብ የኛው ፊት መንጨት ነው የሚመጣብኝ፣ አክስቴን እጇን ይዘን ነው ያስተውናት። ከተማ ውስጥ መቅበርም በዛው ሕግ ክልክል ነበር፣ ሙታኑ ከከተማ ውጭ መንገድ ዳር ነበር የሚያርፉት፣ አያቴ ግን እንደተመኘችው ቤተክርስቲያን ግቢ፣ ከዘመዶቿ ጎን ናት።

እና ሳጥንና መኪና ከዛ ቤት ውሰዱ፣ ግን ሳይጫን በፊት እያንዳንዱን ዋጋ አስጽፉ፣ ጀልባና ድንኳን ለእድር ስጡ። የኛዎቹ ሦስት ሰዎች በሠልስቱ መጥተው የጀልባውን ወጪ በወረቀት ጽፈው ከተረፈው ብር ጋር ለእናቴ ሰጧት።