ፌንደር ራምብል 100 የቤዝ አምፕ፦ ለድንኳን ሰርግና ለሰፈር መድረክ ይበቃል?

በለገጣፎም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በቱሉ ዲምቱ፣ ለሰርግ ወይም ለምርቃት የሚጠራ አማተር ባንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው በኪራይ ሳውንድ ሲስተም ነው። ሚክሰሩና ስፒከሮቹ ከድንኳኑ ጋር ተጭነው ይመጣሉ። ዘፋኙ ማይክ ይደርሰዋል፣ ኪቦርዱም መስመር ይደርሰዋል። ቤዝ ጊታሪስቱ በምን እንደሚሰማ ግን ያሰበበት ሰው የለም። ፌንደር ራምብል 100 ይህን ክፍተት በደንብ ይሸፍናል፤ የሚሸፍነው ግን ሥራውን ለይተው ካወቁለት ብቻ ነው። ሙሉ ድንኳን ሰው የሚያስጨፍር ስፒከር አይደለም። ሥራው ተጫዋቹና ድራመሩ ቤዙን በግልጽ እንዲሰሙ ማድረግ፣ ከዚያም ጥሩ ድምፅ ወደ ሚክሰሩ መላክ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ስንመዝነው ገንዘቡ የሚያስቆጭ ዕቃ አይደለም።

የምናወራው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለወጣው ሦስተኛው ትውልድ ነው። ኃይሉ 100 ዋት፣ ስፒከሩ ባለ 12 ኢንች ኤሚነንስ፣ ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ ነው። የቀለለው የኃይል ማጉያው ክላስ ዲ የሚባለው ቀላል ዓይነት ስለሆነ ነው። ይህ ቅለት ከከተማ ዳር ትልቅ ነገር ነው። ታክሲው አስፋልቱ ካለቀበት ያወርዳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። ጊታሩን በጀርባ አዝሎ አምፑን በአንድ እጅ፣ የኬብል ቦርሳውን በሌላው ይዞ መሄድ ይቻላል። ባጃጅ ውስጥም ከተጫዋቹ ጎን ይቀመጣል።

ስለ ዋቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 100 ዋት ከ40 ዋት በ4 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው የሚበልጠው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በድንኳን ውስጥ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ከስፒከሩ ያላችሁ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ከባድ እጅ ካለው ድራመር ጋር ራምብል 100ን ብቻውን ይዞ መውጣት ከኋላ ያሉት እንግዶች ቤዝ ሳይሰሙ እንዲያመሹ መፍረድ ነው። ሲስተሙ ውስጥ መግባት አለበት፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ከሁሉ በፊት ግን መብራቱ። አዲስ አበባ ያሉት ብዙዎቹ አምፖች ከአሜሪካ በሻንጣ የገቡ ናቸው። የአሜሪካው ምርት ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ። የሶኬቱን ጥርስ የሚቀይር አዳፕተር ቮልቱን አይቀይርም፤ 120 የሚል አምፕ በአዳፕተር ብቻ 220 ላይ ከተሰካ ማጉያው ወይም የኃይል ክፍሉ በዚያው ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ባለ 120 ከሆነ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ አቅሙም አምፑ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ያነሰው ሲሞቅ ያመሻል። ትራንስፎርመሩ ሦስተኛው የመሬት መስመር እንዳለውም እዩ፤ ርካሾቹ ባለ ሁለት ጥርስ ስለሆኑ መሬቱን ይቆርጡታል። ገና የምትገዙ ከሆናችሁ 230 ቮልት የተጻፈበትን ፈልጉ፤ ትንሽ ቢወደድም የትራንስፎርመሩን ዋጋና ሸክም ያስቀራል።

ሁለተኛው የመብራት ጣጣ ወጥ ቤቱ ነው። የድግስ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይኖራል፤ አንዱ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። ከእሱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከተሰካችሁ፣ በዚያ ላይ በቀጭን ገመድ ከተሳበ ዲቫይደር ከሆነ፣ ምጣዱ በበራ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል፤ ሲጠፋ ይዘላል። ባለቤቱን ወይም ኤሌክትሪሺያኑን «ከምጣዱ ሌላ መስመር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስታቢላይዘር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የአምፑን ማብሪያ አጥፉ፤ የሚጎዳው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። ጀነሬተር ከተነሳም ድምፁ እስኪረጋ ጠብቃችሁ አብሩ።

አሁን ወደ ጥዝታው። መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የመሬት መስመር ችግር ሲኖር የሚመጣው ጥዝታ 50 እና 100 ኸርዝ ላይ ይቀመጣል። የቤዙ ክፍት ጂ ክር 98 ኸርዝ ነው፤ በኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ ደግሞ 49። ስለዚህ ጥዝታ ባለበት ቦታ ክፍቱን ጂ ስትመቱ ድምፁ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ ዝቅተኛውን ጂ ስትመቱ በሴኮንድ አንድ ጊዜ። ብዙ ሰው ክሩ ከቅኝት የወጣ ይመስለውና ማጥበቅ ይጀምራል። ክሩን አትንኩ። ጊታሩ ራስ ላይ በሚቆነጠጥ ቲዩነር አረጋግጡ፤ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አምፑ ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከሩቅ ሌላ ሶኬት መሰካታቸው ነው። ሁለቱን ከአንድ ቦታ ስኩ፤ ካልተቻለ በአምፑ የኤክስኤልአር መስመር (ወደ ሚክሰሩ በሚሄደው መውጫ) ላይ ያለውን፣ የዚያን ኬብል የመሬት ግንኙነት የሚያቋርጠውን የግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ተጫኑ፤ አብዛኛው እዚያ ላይ ያልቃል። የሶኬቱን የመሬት ጥርስ መስበር ግን በፍጹም አይደረግም፤ ሰው ይገድላል።

ቤዝ እየተጫወታችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ሳታደርጉ አፋችሁን ወደ ማይኩ አታስጠጉ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ ያዙ። ዜሮ አካባቢ ካልሆነ፣ በተለይ አሥር ቮልቶች ካለፈ፣ ሥራ አይጀመርም፤ የማን ሶኬት መሬት እንዳጣ ተፈልጎ ይስተካከላል።

ቁልፎቹ ቀላል ናቸው። ማስተሩን (የአምፑን ጠቅላላ ድምፅ) ዝቅ አድርጋችሁ፣ በዘፈኑ ውስጥ የምትመቱትን ያህል ጠንክራችሁ እየመታችሁ ጌይኑን (ከጊታሩ የሚገባውን ድምፅ መጠን) ከፍ አድርጉ፤ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱት። ከዚያ ማስተሩን ከድራሙ ጋር አስተካክሉ። ቤዝ፣ ሎው ሚድ፣ ሃይ ሚድና ትሬብል የሚባሉት አራቱ ሁሉም መሃል ላይ ሆነው ይጀመር። ኮንቱር የሚባለውን ቁልፍ ቤት ውስጥ ስትሞክሩት ልብ ይማርካል፤ ባንድ ውስጥ ግን ቤዙን ያጠፋዋል፤ የሚቀንሰው መካከለኛውን ድምፅ ነው፣ ጆሮ ደግሞ ከኪቦርድና ከድራም መሃል ቤዙን ለይቶ የሚይዘው በእሱ ነው። ያልተሰማ ቤዝ መፍትሔው ሎው ሚዱን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ማዞር ነው፤ የቤዝ ቁልፉን መጨመር ስፒከሩን ከማድከም በቀር ብዙ አይፈይድም። ቪንቴጅ የሚለው ቁልፍ ለቆየው ዘፈን ያምራል፤ ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ ውስጥ የሠራውን ዓይነት ክብ ያለ ቤዝ ለሚወድ ሰው መነሻ ይሆናል። የኦቨርድራይቩ ድምፅ ደረቅ ነው፤ እኛ ዘግተነው መጫወት ይሻላል እንላለን።

በአገራችን ሙዚቃ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ጭክጭካ ውስጥ ቤዙ ሁለት ወይም ሦስት ድምፆችን እየመላለሰ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ከእነዚያ አንዷ በቦታው ምክንያት ከጎላች ወይም ከሞተች ሌሊቱን ሙሉ ትሰማለች። ስለዚህ ሳውንድ ቼክ ላይ ፍሬቶቹን በሙሉ መሮጥ ዋጋ የለውም፤ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ቅኝት አምስት ድምፆች፣ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ ዘፋኙ በሚዘፍንበት የድምፅ ከፍታ ላይ በዝግታና በእኩል ኃይል ምቷቸው። አንዷ ከጎላች መጀመሪያ አምፑን አንቀሳቅሱት፣ ከዚያ ነው ወደ ቁልፉ የሚኬደው። ቆርቆሮ ጣሪያና ብሎኬት ግድግዳ ባለው አዳራሽ ከማዕዘን አርቁት፤ የቢራ ሳጥን ላይ ብታስቀምጡት ደግሞ ድምፁ ጉልበታችሁን ትቶ ጆሯችሁን ያገኛል። በድንኳን ግን መሬት ላይ ይቆይ፤ ከስር ድንጋይ ወይም እንጨት አስገብታችሁ ፊቱን ወደ ላይ አዘንብሉት፤ ከመሬቱ የሚገኘው ቤዝ እዚያ ያስፈልጋችኋል። አንዷ ከሞተች ግን ጊታሩንም ተጠራጠሩ፤ የፌንደር ዓይነት ቤዞች ብዙዎቹ በጂ ክር ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት ባለው ቦታ ላይ ቶሎ የሚሞት ድምፅ አላቸው። ያችኑ ድምፅ ዲ ክር ላይ ፈልጋችሁ ተጫወቱ።

ከኪቦርዲስቱ ጋር መነጋገርም ግድ ነው። ብዙዎቹ ብቻቸውን መሥራት ስለለመዱ ግራ እጃቸው ቤዝ ይጫወታል። ሁለት ቤዝ በአንድ ላይ ሲሄድ የትኛውም አምፕ አያጠራውም። ግራ እጁን አንድ ኦክታቭ ከፍ ቢያደርግ ይበቃል።

ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው የኤክስኤልአር መስመር የዚህ አምፕ ዋና ሀብቱ ነው። ለሳውንድ ማኑ ሦስት ነገር ንገሩት፦ በዚያ ቻናል ላይ ፋንተም ፓወር (ሚክሰሩ በኬብሉ የሚልከውን ኤሌክትሪክ) እንዲያጠፋ፣ ቻናሉን ዘግቶ እንዲጠብቅ (ኬብሉ ሲሰካ የሚመጣው ጥይት የመሰለ ድምፅ ስፒከር ይበጥሳል)፣ እና ቤዙን ወደ ሰብ ዉፈሩ እንዲልከው። ከዚያ የእናንተን ማስተር ወደ ዜሮ አውርዳችሁ መጫወት ቀጥሉ፤ ሚክሰሩ ላይ ያለው የድምፅ መጠን ጠቋሚ መብራት እንደነበረ ከቀጠለ መድረክ ላይ ድምፃችሁን መቀነስና መጨመር እንግዳውን አይነካውም ማለት ነው። ኢኪው (የአራቱ የድምፅ ቁልፎች ቅንብር) ግን ወደ ሚክሰሩም ይሄዳልና በዘፈን መሃል ቤዙን እየጨመራችሁ ሳውንድ ማኑን አታስቸግሩት።

ጉድለቶቹን ሳንናገር አናልፍም። ባለ አምስት ክር ቤዝ ዝቅተኛዋ ቢ ክር 31 ኸርዝ ገደማ ናት፤ ይህ ስፒከር ያችን ክር ጮክ ብሎ መሸከም አይችልም፣ ይንኳኳል። ከቤት ውጭ ሲስተም ሳይኖር ከሠራችሁ አቅሙ ቶሎ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ቅርጹም ጠረጴዛ ስለሚመስል ሰው ብርጭቆ ያስቀምጥበታል፤ ከመጀመሪያው ፎጣ ወይም የጊታር ቦርሳ ጣል አድርጉበት።

ሌላ ምርጫ ለምትሉ፦ ሲስተሙ ሁልጊዜ ጥሩ ከሆነ ራምብል 40 ባለ 10 ኢንች ስፒከርና 8 ኪሎ ገደማ ሆኖ ያው የኤክስኤልአር መውጫ አለው፤ እንደ ሞኒተር (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ይበቃል። የራምብል 500 ጉልበት ሌላ ደረጃ ነው፣ ግን ክብደቱ ከ16 ኪሎ በላይ ነው፣ 500 ዋቱም የሚገኘው ተጨማሪ ስፒከር ሲገናኝለት ነው፤ ብቻውን 350 ነው። ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ ቤሪንገር ዲአይ100 የምትባለውን ትንሽ ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ድምፅ ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የምታስገባ ሳጥን) ግዙ፤ በ9 ቮልት ባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በሚመጣ ፋንተም ትሠራለች፣ ግራውንድ ሊፍትም አላት፣ ዋጋዋ የአምፑ ቁራጭ ነው። ያኔ ግን መድረክ ላይ ራሳችሁን ለመስማት የሳውንድ ማኑን ሞኒተር መለመን ይኖርባችኋል፤ አምፑን የምንመርጠውም ለዚህ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ጊታርና ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ቮልቱን አንብቡ። እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫወታችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ ትንሽ መንቻቻት በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል። የኬብሉን ጃክ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ፤ ድምፁ ከተቋረጠ የውስጥ ብየዳው ለቋል፤ ጎበዝ ጠጋኝ ይሠራዋል፣ ዋጋ አስቀንሱበት። ክፍቱን ኢ ክር በመካከለኛ ድምፅ መትታችሁ ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ፤ ወረቀት እንደሚቧጨር ያለ ድምፅ ካለ ኮይሉ ተነክቷል። በመጨረሻ ሄድፎን ስኩ፣ ከዚያ ንቀሉ፤ ስፒከሩ ወዲያው ካልተመለሰ ያ ጃክ ውስጡ ተበላሽቷል፣ መድረክ ላይ ድንገት ዝም የሚለውም እንዲህ ያለው ነው። ኤክስኤልአሩን ከእውነተኛ ሚክሰር ጋር ሳይሞክሩ አለመክፈል ነው፤ ሻጩ ሚክሰር ከሌለው ሚክሰር ያለበት ቦታ ቀጠሮ ያዙ።