የቫትሲም የተቆጣጣሪዎች ሥልጠና፦ ጥብቅ ነው፣ ወረፋው ግን ያማርራል

እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ቫትሲም በኮምፒውተር አውሮፕላን ለሚያበሩ ሰዎች የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሚያቀርብ ነፃ መረብ ነው። ተቆጣጣሪው በጎ ፈቃደኛ ቢሆንም ሳይሠለጥን ማይክሮፎን አይጨብጥም። ከታዛቢነት ተነስቶ ኤስ1 የተባለው ደረጃ ላይ ሲደርስ የመሬት እንቅስቃሴን፣ በኤስ2 ታወርን (መነሻና ማረፊያ)፣ በኤስ3 አፕሮችን (ወደ ማረፊያው የሚቀርቡትን)፣ በሲ1 ደግሞ ሰፊውን የአየር ክልል ይይዛል።

ጥንካሬው ተግባራዊ ፈተናው ላይ ነው። "ከማኮብኮቢያው በፊት ቁም" የተባለ አብራሪ "እሺ" ብቻ ካለ፣ ሠልጣኙ የማኮብኮቢያውን ቁጥርና የአውሮፕላኑን መጠሪያ ማስደገም አለበት። (በ"እሺ" የሚያሳልፍ ፈታኝ ካለ እሱም ተኝቷል ማለት ነው።) ብዙዎች የሚሰናከሉት ኤስ3 ላይ ነው። በራዳር አፕሮች በሁለት አውሮፕላኖች መካከል የተለመደው ዝቅተኛ ርቀት 3 ኖቲካል ማይል ወይም በከፍታ 1,000 ጫማ ነው። የፊተኛው ለማረፍ ፍጥነት ሲቀንስ የኋለኛው ይደርስበትና ክፍተቱ መጨረሻ ላይ ይጠባል። መፍትሔው ትርፍ ማይል አስቀድሞ መተውና የኋለኛውን ፍጥነት ቶሎ ማስቀነስ ነው።

ድክመቱ ወረፋው ነው። አሠልጣኞቹም ደመወዝ ስለሌላቸው አንዳንድ ቦታ ወራት ያስጠብቃል። የተቆጣጣሪው ሶፍትዌርም እንደ አገሩ ይለያያል፦ አውሮፓ በብዛት ዩሮስኮፕ፣ አውስትራሊያ ቫትሲስ። ስለዚህ መጀመሪያ ክልልዎን ይምረጡ፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን ይጫኑ።