በአሮጌ ምድጃ ውስጥ የገባው የኤሌክትሪክ እሳት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ዕቃው ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ ነው። ፊቱ መስታወት ሲሆን ከመስታወቱ ጀርባ የፕላስቲክ ግንድና በኤልኢዲ መብራት የሚንቀለቀል ነበልባል አለው፤ ከላዩ ደግሞ ሙቀት የሚነፋ ማራገቢያ ተገጥሞለታል። እንጨት ማንደድ ከቀረ በኋላ ባዶውን በኖረ የሳሎን ምድጃ ውስጥ አስገብቼው የብርዱን ወራት ሙሉ ሠርቷል። ስለ ዕቃው ብዙ የምለው የለኝም። የምለው ኃይል ስለሚያደርስለት መስመር ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ሙቀቱ። «አነስተኛ ኃይል፣ ከፍተኛ ሙቀት» የሚለውን የካርቶን ላይ ጽሑፍ አትመኑ። 2000 ዋት የሚበላ ማሞቂያ ውድም ይሁን ርካሽ የሚሰጠው ሙቀት ያንኑ 2000 ዋት ነው። ለውጥ የሚያመጣው ሙቀቱ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ አሮጌ ምድጃ ደግሞ ከበላዩ የሞቀ አየር ለመውሰድ የተሠራ ጭስ ማውጫ አለው። ስለዚህ ጉሮሮውን ዘጋሁት፤ ጨርሶ ግን አልደፈንኩትም። ትንሽ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ካልተተወለት ውስጡ እርጥበት ይቋጥርና ውሎ አድሮ ግድግዳው ላይ ቡናማ እድፍ ያወጣል። ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ማውጫ አፍም አየር እያስገባ ዝናብ የሚከለክል ክዳን ተደርጎለታል።

ወደ ሽቦው ስንመጣ፣ 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ግን እንደ ውኃ ማፍያ ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን ምሽቱን ሙሉ ነው። የላላ ሶኬትና ቀጭን ኤክስቴንሽን ጉዳቸው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ከማከፋፈያ ሳጥኑ ለብቻው አዲስ መስመር አስሳብኩ፦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ በተጨማሪም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚያቋርጥ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ። የማሞቂያው አካል ብረት ስለሆነ ባለሙያው የመሬት ሽቦውን በመለኪያ ሳይፈትሽ ብሬከሩን አላነሳም።

የተከራከርነው በሶኬቱ ቦታ ላይ ነው። እኔ ገመድ እንዳይታይ ከዕቃው ጀርባ፣ ምድጃው ውስጥ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ባለሙያው «ካልታየዎት እኮ አይደርሱበትም» አለኝና ያኔ ነገሩ አለቀ። አንድ ነገር ቢሸት ወይም ቢጨስ ከባዱን ዕቃ ስቦ ለማውጣት የሚታገል ማን ነው? ሶኬቱ ከምድጃው አፍ በስተቀኝ፣ ክንድ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ሆነ። የማሞቂያው ገመድ በጎን በኩል በተበሳ ቀዳዳ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ተሸፍኖ ይወጣል። የጡቡን ስለታም ጠርዝ የሚነካው ቱቦው እንጂ ገመዱ አይደለም። ከሶኬቱ ወደ ላይ የሚሄደው ገመድ ልስኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀብሯል፤ ነገ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር የሚመታ ሰው ሶኬቱን አይቶ ገመዱ የት እንዳለ ይገምታል። በሰያፍ የተቀበረ ገመድ ወጥመድ ነው። ግድግዳውን ሲበሱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ አሮጌ ምድጃዎች በክፍሉና በጭስ መንገዱ መካከል ያለው አንድ ረድፍ ጡብ ብቻ ነው። የቆየ ጥላሸት ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ያዝጋል። ለዚህ ነው በዚያ በኩል የብረት የሶኬት ሳጥን ያልገባው።

አሁን ስለ ዕቃው ቅሬታዬን ልናገር። ሙቀት የሚለካው ቴርሞስታት እዚያው ዕቃው ውስጥ ነው። ዙሪያው ጡብ ነውና ጡቡ ሲሞቅ ማሽኑ ሳሎኑ የሞቀ ይመስለዋል፤ ወንበሩ ላይ ያለን ሰዎች ገና ጋቢ ሳናወርድ እሱ ይጠፋል። መፍትሔው ከሚፈለገው ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ አድርጎ መሙላት ነው፤ አምራቹ መለኪያውን በርቀት መቆጣጠሪያው ላይ ቢያደርገው ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ። ማራገቢያውም ከላይ የሚረግፈውን ጥላሸት እየሳበ ማንጎራጎር ጀምሯል። መሰኪያውን ነቅሎ መግቢያውን በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ማጽዳት ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ያረረ አቧራ ሽታውም አብሮ ይጠፋል።

ነበልባሉ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ያለ ሙቀት ብቻውን ሲበራ የሚበላው ጥቂት ዋት ስለሆነ፣ በማይበርድባቸው ምሽቶችም ሲበራ ያመሻል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሞቂያው በራሱ አለመነሳቱንም ወድጄዋለሁ፤ ቤት ሰው ሳይኖር የሚነሳ ማሞቂያ አልፈልግም።

ምሽቱን ከሠራ በኋላ መሰኪያውን አልፎ አልፎ በእጄ እዳብሳለሁ። ለብ ይላል፤ የሚያቃጥል ቢሆን መነካካቱ ላልቷል ማለት ነው። ብርዱ ሲያልፍ ባለሙያው ተመልሶ ብሬከሩን አወረደና የሶኬቱን ክዳን ከፈተ። አንዱ ብሎን ሩብ ዙር ያህል ጠበቀለት። የቀረው ደህና ነበር።