አውቶካድ፣ ሊብሬካድ፣ ስኬችአፕ ወይስ ሬቪት? ለጀማሪ ድራፍትማን

የአክስቴ ልጅ ድራፍቲንግ (የሕንፃ ሥዕል መሳል) ተምሮ ጨርሷል። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝና «ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ሶፍትዌር ልያዝ?» አለኝ። «ሥዕሉን ለማን ነው የምታስረክበው?» ብዬ መልሼ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ለእኔ ግን ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሳላችሁትን ፕላን ስትራክቸራል መሐንዲሱ ይቀበለዋል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይቀበለዋል፣ መጨረሻ ላይ ሳይት ላይ ፎርማኑ እጅ ይገባል። እነሱ ዘንድ የማይከፈት ፋይል ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

አውቶካድ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ አለ። ትልቁ ጉልበቱ ፋይሉ ነው። ዲደብሊውጂ (DWG፣ አውቶካድ ሥዕል የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ስትሉ ሁሉም ቢሮ ያውቀዋል። ፕላን፣ ኤሌቬሽን (ቤቱ ከውጭ ሲታይ) እና ሴክሽን (ቤቱ ተቆርጦ ሲታይ) አውጥታችሁ ለሌላ ባለሙያ የምታስተላልፉ ከሆነ ከዚህ መሸሽ ይከብዳል።

አውቶካድ ላይ ቤቱን የምትስሉት በእውነተኛ መጠኑ ነው። የ90 ሳንቲም በር 90 ሳንቲም ሆኖ ይሳላል። ስኬል፣ ማለትም ሥዕሉ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ የሚመጣው ወደ ወረቀት ስትሄዱ ነው። ቤቱ ሞዴል ስፔስ በሚባለው ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ሌይአውት በሚባለው ላይ። ወረቀቱ ላይ መስኮት ትከፍቱና ቤቱን በፈለጋችሁት ስኬል ታዩታላችሁ። ለምሳሌ ኤ3 ወረቀት 420 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። በ1፡50 ስኬል 21 ሜትር በ14.85 ሜትር ይይዛል። 10 በ20 ሜትር ቦታ ያለው ደንበኛ ሲመጣ የሚበቃ ይመስላል። ግን የወረቀቱ ጠርዝና ታይትል ብሎኩ (የሥዕሉ ስምና መረጃ የሚጻፍበት ሳጥን) ቦታ ይበላሉ፤ አይበቃም። ወይ ስኬሉን ወደ 1፡100 ታወርዳላችሁ፣ ወይ ወረቀቱን ወደ ኤ2 ታሳድጋላችሁ። ሌይአውት ለሚያውቅ ሰው ይህ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሥዕሉ አንድ መስመር አይነካም።

ሌየርም እንዲሁ። የተደራረበ ስስ ወረቀት አስቡ። ግድግዳው በአንዱ፣ በርና መስኮቱ በሌላው፣ ኤሌክትሪኩ በሦስተኛው። አንዱን ስታጠፉት ሌላው ይቀራል። አንድ ጊዜ የአንድ ፎቅ ቤት ሥዕል ተልኮልኝ ሁሉም ነገር ዜሮ በሚባለው አንድ ሌየር ላይ ተከምሮ አገኘሁት። የወንበሩ መስመር ከግድግዳው መስመር እኩል ወፍሮ ሊታተም ነው። አንዱን ከአንዱ ስለይ ሁለት ሌሊት ሄደ። ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም፤ የሳለው ሰው ሌየርን አልተማረም።

ችግሩ ክፍያው ነው። የአውቶካድ ኩባንያ አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያዝ ፈቃድ መሸጥ ካቆመ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ወዲህ ያለው አማራጭ በወር ወይም በዓመት መክፈል ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ፕሮግራሙ በየ30 ቀኑም ቢያንስ አንዴ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። ባለ ሁለት ገጽታ ሥዕል ብቻ ለሚሠራ ኤልቲ የሚባለው ዓይነት ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ ለብዙ ድራፍትማን እሱ ይበቃል። ተማሪና መምህር በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ ፈቃድ ያገኛሉ። ይህ ግን ለትምህርት እንጂ ለሚከፈልበት ሥራ አይደለም።

ሊብሬካድ ነፃ ነው። በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ሌየር አለው፣ ብሎክ (አንዴ ተስሎ ደጋግሞ የሚቀመጥ ቅርጽ) አለው፣ ዳይሜንሽን (ልኬት መጻፊያ) አለው። የሚስለው ባለ ሁለት ገጽታ ብቻ ነው። ፋይሉን የሚያስቀምጠው በዲኤክስኤፍ (DXF፣ ፕሮግራሞች ሥዕል የሚቀባበሉበት የፋይል ዓይነት) ነው፤ ዲደብሊውጂ ማንበቡ ደካማ ነው፣ መጻፍ ደግሞ ጭራሽ አይችልም። ሌይአውትም የለውም። ስለዚህ ከሌሎች ቢሮዎች ጋር ፋይል ለምትቀባበሉ አልመክርም። የብረታ ብረት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ላለው ሰው ግን በደስታ እመክራለሁ። ብረት የሚቆርጡ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመሩ) ማሽኖች ዲኤክስኤፍ ስለሚቀበሉ በርና አጥር ለሚሠራ ምንም አይጎድለውም።

በአውቶካድና በሊብሬካድ መሀል ብሪክስካድና ዜድደብሊውካድ አሉ። ዲደብሊውጂን እንደ ራሳቸው ፋይል ይሠሩበታል፣ ትዕዛዞቻቸው አውቶካድ ለለመደ እጅ አዲስ አይሆኑም፣ አንዴ ከፍሎ መያዝም ይቻላል። ትንሽ ቢሮ ለሚከፍት ሰው መጀመሪያ የማሳየው እነዚህን ነው።

ስኬችአፕ ለደንበኛ ማሳያ ነው። ፕላን ማንበብ ለማይችል ሰው ሳሎኑን በሦስት ገጽታ ስታሳዩት ፊቱ ይፈታል። ነፃው ዓይነት በብራውዘር ውስጥ የሚሠራና ለግል ጥቅም ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ እሱም የለም። የሥራ ሥዕል ለማውጣት የሚከፈልበትን ይጠይቃል።

ሬቪት ሌላ ዓለም ነው። እዚያ መስመር አትስሉም፤ ግድግዳ ትሠራላችሁ። ግድግዳው ውፍረቱን፣ ከፍታውንና ከምን እንደተሠራ ያውቃል። ፕላን ላይ መስኮት ስታንቀሳቅሱ ኤሌቬሽኑም ሴክሽኑም አብሮ ይቀየራል። «ፕላኑ ላይ አለ፣ ኤሌቬሽኑ ላይ የለም» የሚባለው የዘወትር ጭቅጭቅ ያበቃል። ግን ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ ማክ ላይ በቀጥታ አይጫንም፣ ዋጋውም ከአውቶካድ ይበልጣል። በአዲሱ ሬቪት የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፤ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። አውቶካድ ላይ ቢያንስ «ሴቭ አዝ» ብሎ ወደ 2010 ወይም 2013 ፎርማት ማውረድ ይቻላል። ማክ ያላችሁ አርክቴክቶች እንደ ሬቪት የሚሠራውን አርኪካድን ሞክሩ፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ሲነሳም ከአፕል ጋር ነው የተነሳው።

የአማርኛ ጽሑፍ ነገር ብዙ ጀማሪ ያስለቅሳል። አውቶካድ ላይ «መኝታ ቤት» ብላችሁ ጽፋችሁ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ፣ ጥፋቱ የፎንቱ ነው። የድሮዎቹ የአውቶካድ ፎንቶች ፊደላችንን አያውቁም። ቴክስት ስታይሉን (የጽሑፉን ፎንት የሚወስነውን) ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሩት። ፋይሉን የሚቀበለው ሰውም ያንኑ ፎንት መጫን አለበት፤ አለዚያ ፒዲኤፍ አብራችሁ ላኩ።

ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚሠራ) ሶፍትዌር በፍላሽ መቀባበል ልማድ ሆኗል። እባካችሁ ተዉት፤ በፍላሹ የሚመጣው ሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም። የአውቶካድ ቫይረስ በትንሽ የሊስፕ ፋይል (አውቶካድን የሚያዝ የትዕዛዝ ጽሑፍ) ተደብቆ ከሥዕሉ ጋር በአንድ ፎልደር ይጓዛል፤ ፎልደሩን የተቀበለውን ሁሉ ያዳርሳል። በቂ ገንዘብ እስክታገኙ በነፃው ሊብሬካድ መሥራት ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ኋላ ላይ አጣርቶ ደወለ። የሚገባበት ቢሮ የሚሠራው በዲደብሊውጂ ነው፣ ፈቃዱንም ቢሮው ይከፍላል። ስለዚህ ብሩን ለሶፍትዌር ሳይሆን ለላፕቶፑ እንዲያውል ነገርኩት፦ 16 ጊጋባይት ራም፣ ጤነኛ ባትሪ። አውቶካድ ሥዕሉን በራሱ የሚያስቀምጠው፣ ካልተቀየረ፣ በየ10 ደቂቃው ነው፤ መብራት ሄዶ ባትሪው ቢያልቅ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ይጠፋል። እሱን ወደ 5 እንዲያወርደው አሳይቼዋለሁ። ቅዳሜ ላፕቶፑን አብረን ልናይ እንሄዳለን።